የገዛ ሥጋ

ውሃው የሄደው ፀጉሯን ሳሙና አልብሳ ዓይኗን እንደ ጨፈነች ነው። ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ትንሽ አንጠባጠበና ዝም አለ። ውሃው ሲፈስ የማይሰማው የሳሎን ወሬ ያን ጊዜ በበሩ ሥር ጥርት ብሎ ገባ። ታላቅ እህቷ ናት። የመጋረጃ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ወደ እነሱ ቤት ጎራ ማለት ልማዷ ነው፤ አንኳኩታ አትገባም፣ ተቀመጪ እስክትባልም አትጠብቅም። «ከሆዷ ቆርጠው ደረቷ ላይ ሊለጥፉላት!» ትላለች። «ሱሪ ናት እንዴ እሷ፣ ከዚህ ቀደው እዚያ የሚጥፏት?» የገዛ ባሏ ሳቀ። የጎላ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ላለማስቀየም ብቻ በአፍንጫ የምትወጣ ዓይነት ናት። ግን ሳቀ። እህትየው ቀጠለች፦ «ለማን ልታሳየው ነው? ባል አላት፣ ልጇን ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። ጎመን በጤና አይባልም? ፈጣሪ ነፍሷን ካተረፈላት ምን አነሳት?» ባልየው አንድ ነገር አጉተመተመ። ከዚያ የእህትየው ድምፅ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ውሃ በሌለበት ቤት ይበልጥ ይሰማል። «ለማንኛውም አንተ ዝም በል። እኔ ጨርሼዋለሁ።» «ይሁን እትዬ» አለ ባልየው።

አሠልጣኟ እንዳለች ቆማ ቀረች። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት አሠልጣኟ እያለ ነው፤ ለመንጃ ፈቃድ የሚማሩ ሰዎችን መኪና ታስነዳለች፣ ከእሷ እጅ ያልወጣ ሾፌር በአካባቢው የለም ይባላል። ሳሙናው ዓይኗን እያቃጠለ ወደ ደረቷ ወረደ። በግራ በኩል ጡቷ ላይ ትንሽ አርፎ ዞሮ ይሄዳል፤ በቀኝ በኩል የሚያቆመው አጥቶ በጠባሳው ላይ ቁልቁል ይንሸራተታል። ቀኝ ጡቷ የተቆረጠው አምና ነው። መርፌውም ጨረሩም አልቋል፣ በሽታው የለም ተብላለች፤ የሐኪም ቤቱ ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ ከገዛ ሆዷ ቆዳና ስብ ወስደው ጡት እንደሚሠሩላት ነግረዋታል። ቀኑ የፊታችን ሰኞ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ምርመራ አላት። «ጨርሼዋለሁ» ማለት ምን ማለት ነው? ባሏን መክራ አሳመነችው ማለት ይሆናል ብላ ገመተች። ፎጣውን ከነሳሙናዋ ጠመጠመችና ወጣች።

ቁርስ ላይ ተቀመጡ። እህትየው ዳቦውን እንደ ራሷ ቤት ዳቦ ቆርሳ ለሁሉም አደለች፣ ለራሷ የደረቀውን ጫፍ ወሰደች፤ የደረቀውን መውሰድ የምትወደው ሰው ሁሉ እንዲያይላት ነው። ባልየው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ዕንቁላሉን እያዞረ ያበርደዋል እንጂ አይበላውም። በግድግዳው በኩል የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። «ፀጉርሽ ሳሙና አለው» አለች እህትየው። «ውሃ ሄደ» አለች አሠልጣኟ። «መቼ?» «አሁን ሳይሆን ቅድም።» የሁለቱ ዓይን ተገናኘ። እህትየው ውሃው ሲሄድ ራሷ ምን እያለች እንደነበር አስባ የደረሰችበት መሰለች፤ ግን ፊቷ ላይ አንድም ጅማት አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ ነች። እሷም ራሷ የግራ ጡቷን ያጣችው ከብዙ ዘመን በፊት፣ አሠልጣኟ ገና ሳታገባ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ነገሩ ስም የለውም፤ «ያኔ» ይባላል፣ «ያኔ እትዬ ተኝታ ሳለ»፣ «ከያኔ በኋላ»። ከሐኪም ቤት ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ሱቋን ከፈተች፣ መቀስ ይዛ ቆመች፣ ማንም እንዴት ነሽ ብሎ አልጠየቃት፣ እሷም እንዲጠይቃት ፊት አልሰጠችም። ሻዩን በቁሟ ጨርሳ ስትወጣ የአሠልጣኟን ትከሻ ነካ አድርጋ «ሁሉም ለበጎ ነው» አለቻት። አሠልጣኟ ትከሻዋን ሸሸት አደረገች፤ ሸሸት ማድረጓም ታይቷል።

ጧት የመጀመሪያው ተማሪዋ ጡረታ የወጣ ሒሳብ አዋቂ ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች በኋላ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ዝገት ሲበላት ማየት ሰልችቶት መንዳት ሊማር የመጣ ሰው። መሪውን የሚይዘው እንደ ሙቅ ድስት ነው። አሠልጣኟ ጎኑ ተቀምጣ ቀበቶዋን አሰረች። ቀበቶው ከቀኝ ትከሻዋ ተነሥቶ ልክ በጠባሳው ላይ ያልፋል፤ ሌላ ሴት ላይ የሚሸሸግበት ጉብታ አለው፣ እሷ ላይ አጥንት ይፈትጋል። ስለዚህ የታጠፈ ሻርፕ ሥሩ ታደርጋለች፣ ተማሪ ሲጠይቃት «በረደኝ» ትላለች። ጡረተኛው መኪናውን አጠፋው፣ አስነሣው፣ መልሶ አጠፋው። ሌላ ቀን ቢሆን ታስቀዋለች። ዛሬ «አባባ፣ ፍሬን ለጌጥ የተሠራ አይደለም፣ ይርገጡት!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ረገጠው፤ ሁለቱም ወደ ፊት ተወርውረው ቀበቶው መለሳቸው፤ ደረቷን ይዛ ጥርሷን ነከሰች። ኋላ የነበረው ታክሲ ጥሩምባውን ለቀቀው፣ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ የሁለቱንም እናት አነሣ። ጡረተኛው ላቡን ጠረገና «ምነው የኔ ልጅ፣ ዛሬ ከማን ጋር ነው የተጣላሽው? እኔ ከሆንኩ ንገሪኝ፣ ሌላ ሰው ከሆነ ግን እኔን አታስፈጂኝ» አላት። ልትነግረው ቃጣት። አንድ እምብዛም የማታውቀው ሽማግሌ፣ በቆመ መኪና ውስጥ፣ ከቤቷ ሰው ሁሉ ይልቅ ለወሬ ቀለላት። ግን «ማርሽ» አለች፣ «አንደኛ ማርሽ ያስገቡ»፣ እና ነገሩ በዚያው አለፈ።

ባልየው ከሰዓት በኋላ አብሯት ሐኪም ቤት ሊሄድ ቃል ገብቶ ነበር። በምሳ ሰዓት «መጋዘን ዕቃ ገባብን፣ አልችልም» የሚል መልእክት ላከ። መልስ አልሰጠችውም። ብቻዋን ሄደች፣ ቀጠሮ ያዥዋ ነርስ መስኮት ፊት ከተሰለፉት ኋላ ቆመች፤ ግድግዳው በቅርቡ ቀለም ተቀብቶ ነበርና የተደገፉት ሁሉ ትከሻቸው ነጭ ሆኗል። ተራዋ ሲደርስ ነርሷ ስሟን ሰምታ ቀና አለች፤ ደስ ያላት ትመስላለች። «እንዴ እህቴ፣ መጡ? እርስዎ እኮ ትቼዋለሁ ብለው ደውለዋል።»

«እኔ?»

«ባለፈው ሳምንት። ቤተሰብ መክሮበታል፣ ዕድሜዬም ሄዷል፣ ቦታዬን ለሌላ ወጣት ስጡልኝ አሉኝ። ደጋግሜ ጠየቅኩዎት እኮ። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ልቤን ነካኝ፤ ለጓደኞቼም አወራሁ።»

አሠልጣኟ መስኮቱን በሁለት እጇ ያዘች። ከልጅነታቸው ጀምሮ ስልክ ያነሣ ሁሉ ሁለቱን እህትማማች በድምፅ ለይቶ አያውቅም፤ ባሏ እንኳ እጮኛዋ ሳለ ለእህትየው የፍቅር ቃል ተናግሮ በቤተሰቡ ሲሳቅበት ኖሯል። «ሰኞስ?» አለች። ነርሷ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ። ሌላ ሴት ተጠርታለች፣ ዛሬ ጧት አልጋ ይዛለች። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ቡድን ሐኪሞች ናቸው፣ አንዱ ደረቱን ሲያዘጋጅ ሌላው ሆዱን ይከፍታል፣ ሁለቱ ቡድኖች አብረው ነፃ የሚሆኑበት ቀን እንደ ልብ አይገኝም። ከሁለት ወር ወዲህ የሚሆን የለም። ከኋላ ያሉት ሰዎች መነጫነጭ ጀመሩ፣ አንዲት ሴት «ወሬውን ቤታችሁ አድርጉት» አለች። አሠልጣኟ ዞራ እንዴት እንዳየቻት እንጃ፣ ሴትዮዋ ዓይኗን ሰበረች።

ቀዶ ሐኪሙ በከንቱ እንዳትመለስ ብሎ ለምርመራው አስገባት። ብስኩት እየበላ ነበር፣ ፍርፋሪውን ከጉልበቱ አራገፈ። አልጋው ላይ አስተኝቶ ሆዷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባና እርሳስ የምታህል መሣሪያ እንብርቷ አጠገብ አስደገፋት። መጀመሪያ የተሰማው እንደ ንፋስ ያለ ነገር ነው። ቦታውን ትንሽ ሲያዛውራት ሽው፣ ሽው፣ ሽው የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ይሄ የእርስዎ ደም ነው» አላት። «ይቺ ናት ዋናዋ። ይቺን የደም ሥር ከነሥጋዋ አንሥተን ደረትዎ ውስጥ ካለው ሥር ጋር በአጉሊ መነጽር እያየን እንሰፋታለን። ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል። ድሮ የሆድ ጡንቻውንም አብረን ስለምንቆርጥ ሴትዮዋ ከአልጋ ለመነሣት እንኳ ፍዳዋን ታያለች። አሁን ጡንቻውን ገለጥ አድርገን ሥሯን ብቻ እናወጣለን፣ ጡንቻው ቦታው ይቀራል።» አልደበቃትም፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ነርሶች የደሙን መፍሰስ እየመጡ ያያሉ፣ ደሙ ከረጋ ተመልሰው ይከፍታሉ፣ አልፎ አልፎም የተተከለው ሥጋ ሞቶ ይወጣል። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊትም ነግሯታል። አሁን የምትሰማው ግን የሆዷን ድምፅ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ስለ ሰውነቷ ሲናገር ከርሞ ሰውነቷ ራሱ ሲናገር ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሁለት ወር ቢቆይ» አለች፣ «ያልፍብኛል?»

«ኧረ የለም። ይሄ የሚያልፍበት ነገር አይደለም። ጡታቸው ከወጣ ብዙ ዓመት የሆናቸው አንዲት እናት መጥተው ሠርተንላቸዋል። ልብና ሳንባ ደህና ከሆነ፣ ሆድም ላይ የሚወሰድ ነገር ካለ ይሠራል። ታዲያ ሲነቁ ያመሰገኑን እንዳይመስልዎት። ደረታቸውን አዩና ‹እስካሁን የት ነበራችሁ?› ብለው ሰደቡን።» ሐኪሙ ሳቀ። አሠልጣኟም ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ቅባቱን በወረቀት ጠርጋ ልብሷን ለበሰች፣ አዲሱን ቀን አስያዘች። ነርሷን «ከአሁን በኋላ እኔ በአካል ካልመጣሁ፣ መልአክ ቢደውል እንዳትሰሚ» አለቻት።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ባሏ ጋ ደወለች። «ታውቅ ነበር?» አለችው። ከኋላው ሳጥን ሲጎተት ይሰማል፤ ዕቃ የገባው እውነት ነው ማለት ነው። «እትዬ እኮ ላንቺ ብላ ነው» አለ በመጨረሻ። «እሷን አልጠየቅኩህም። አንተ ታውቅ ነበር?» «እኔ ምን አደረግኩ? ዝም ነው ያልኩት።» «እሱን እኮ ነው የምልህ» ብላ ዘጋችው። ጣሪያው ላይ የተተከለው «ተለማማጅ» የሚል ሰሌዳ እንዳለ ነው፤ በየመንገዱ ሾፌሮች እየፈሩ ያሳልፏታል። በዚህ ቁጣ ለሚነዳ ሰው ጥሩ ሰሌዳ ነው።

የእህትየው ሱቅ ጠባብና ረጅም ነው፣ በሁለቱም ጎን እስከ ጣሪያ የጨርቅ ጥቅል ተደርድሮበታል፣ በመሃል ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን መተላለፊያ አለ። አንዲት ወፍራም ደንበኛ ከልጇ ጋር ቆማ በወይን ጠጅ መጋረጃ ዋጋ ትከራከራለች፤ ከላይኛው ሱቅ በርካሽ ይገኛል ትላለች፣ እህትየው «ሂጂና ከላይኛው ግዢ፣ ፀሐይ ሲመታው ነጠላ ይሆንልሻል» ትላለች፤ መቀሱ ግን መቁረጥ ጀምሯል። አሠልጣኟ ገብታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመች።

«ጨርሼዋለሁ ያልሽው ይሄን ነው?»

እህትየው መቀሱን አላቆመችም። «ደንበኛ አለኝ።»

«ትስማ። በኔ ድምፅ ደውለሽ፣ በኔ ስም ሰርዘሽ፣ ዕድሜዬ ሄዷል አልሽ። የኔ ዕድሜ ነው የሄደው?»

ደንበኛዋ «እኛ ቆይተን እንመጣለን» ብላ ልጇን በክርኗ ነካች። «ቁሚ!» አለች እህትየው። «ጨርቅሽ እየተቆረጠ ነው።» ሁለቱ ሴቶች ወደ ጥቅሎቹ ዞረው የማይገዙትን ጨርቅ በጣታቸው ማሸት ጀመሩ። እህትየው መቀሱን አስቀመጠች። አልካደችም፤ መካድ አታውቅም። ፈርቼ ነው አለች። ያን ሁሉ ሰዓት ተደንዝዞ መተኛት፣ ደህናውን ሆድ መቅደድ፣ ቢመረቅዝስ፣ ብትሞቺስ፣ ማን ሊጠየቅ ነው አለች። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገቻት እሷ መሆኗን፣ ትምህርቷን ያስተማራት ይሄ መቀስ መሆኑን አንድ በአንድ አነሣች፤ አሠልጣኟ ይህን ዝርዝር በቃሏ ታውቀዋለች፣ በየሠርጉና በየለቅሶው ሰምታዋለች። «ፈርተሽ አይደለም» አለች። «ብትፈሪ ለኔ ትነግሪኝ ነበር እንጂ ለነርሷ አትደውዪም።» እህትየው ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «ጡት ነካሽ!» አለቻት።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ሁለቱም ሰሙት። የደንበኛዋ ልጅ አንዴ ሳለች። አሠልጣኟ የእህቷን እጅ እያየች ነበር። እጁ በቀሚሷ አንገት ገብቶ አንድ ነገር ፈልጎ አወጣና ወይን ጠጁ መጋረጃ ላይ አስቀመጠው። ከመጋረጃ ገበር የተሰፋ ትንሽ ከረጢት ነው፣ ስፌቱ የእሷ ስፌት ነው፣ ጥቅጥቅ ያለና ቀጥ ያለ። ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ሸሸ የሚል ድምፅ አሰማ።

«ሩዝ ነው» አለች እህትየው። «ጥጥ አድርጌ ነበር፣ ወደ አንገቴ እየወጣ አስቸገረኝ። ክብደት ይፈልጋል። ሲሞቅ በላብ ይነፋል፣ ያን ጊዜ አውጥቼ አደርቀዋለሁ። ባሌ እስኪሞት ድረስ ከዚህ ከረጢት ውጪ አላየኝም፤ መብራት አጥፍቼ ነው የምለብሰው። ነፍስሽ ተርፏል አመስግኚ አሉኝ፤ አመሰገንኩ። ሌላ ነገር አለ ያለኝ ሰው የለም። አንቺ ስትታመሚ ጊዜ ሐኪሙ ተገኘ፣ መነጽሩ ተገኘ፣ ክሩ ሳይቀር ተገኘ። አንድ እናት ነች የወለደችን። ከኔ በምን ትበልጫለሽ? እስቲ ንገሪኝ፣ በምን?»

አሠልጣኟ ከረጢቱን አየች። ጡት አይመስልም፤ ድንጋይ እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚደረግ ነገር ይመስላል። ይህን ሁሉ ዘመን ባቀፈቻት ቁጥር ደረቷን የነካው ይሄ ነበር፣ እሷም የእህቷ ሰውነት መስሏት ኖራለች። ሆዷ ሊባባ ጀመረ፤ ቁጣዋ ግን ከሆዷ ቀድሞ መጥቶ ቦታውን ይዞታል፣ አልነሣም አለ። «ስለዚህ እንዳንቺ ልቅር ነው?» አለቻት።

«አዎ!» አለች እህትየው።

ራሷም ደነገጠች። አፏን በእጇ ልትሸፍን አንሥታው ነበር፣ መንገድ ላይ ተወችውና መቀሱን ያዘች። አሠልጣኟ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሰቀለች፤ «ቤቴ እንዳትመጪ» አለች፣ «ራሴ እስክጠራሽ ድረስ። ባሌንም ሻይ የምታጠጪው ከሆነ እዚሁ ይምጣልሽ።» በጠባቡ መተላለፊያ ስታልፍ ወፍራሟ ደንበኛ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ አሳለፈቻት። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ መቀሱ እንደገና ጨርቅ መቁረጥ ጀመረ፣ ከመቀሱ ድምፅ ሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ለቆየስ ይሠራል?»

ዞረች። እህትየው አላየቻትም፣ ጨርቁን ነው የምታየው። መስመሩ ጠሟል፤ ስትቆርጥ መስመር ጠሞባት አያውቅም።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተሻል። እንደኔ ለቆየ ይሠራል ወይ ነው ያልኩት።»

መልሱ አፏ ውስጥ ነበር። ሐኪሞቹን የሰደቡት እናት፣ የሐኪሙ ሳቅ፣ ልብና ሳንባ ደህና ከሆነ ያላት፤ ሁሉም በምላሷ ጫፍ ላይ ተደርድሯል። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። አሠልጣኟ ያንን ቃል ያዘችው፣ ክፉ መሆኗን እያወቀች፣ እየጣፈጣትም ያዘችው።

«ደውለሽ ጠይቂያቸው» አለች። «ቁጥሩን ታውቂው የለ!»

ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ ቁልፉን አስገባች። የጣፈጣት ነገር ጉሮሮዋ ሲደርስ መረራት። ትንሽ ቆይቶ ደንበኛዋና ልጇ ጥቅላቸውን ይዘው ወጡ፣ ወደ መኪናው በጎን እያዩ፣ ጥጉን ሳይዞሩ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ የሱቁ የብረት መዝጊያ በጠራራ ፀሐይ እስከ ግማሽ ወረደ። በመዝጊያው ሥር የእህቷ ጫማና የቀሚሷ ጫፍ ይታያል፤ ጫማዎቹ ወዲያ ሄዱ፣ ወዲህ መጡ፣ ቆሙ። «ሀሎ» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከመዝጊያው ሥር፣ የእሷው የራሷ ድምፅ። ቀጥሎ ያለው አልተሰማም። ነርሷ መቼም እኔ የደወልኩ ይመስላታል፣ ደግሞም እንዳትሰሚ ብያታለሁ፣ አለች በልቧ። ወርዳ ለእህቷ ልትነግራት በሩን ከፈተች። አንድ እግሯን አወጣች። ከዚያ መልሳ ገባችና ዘጋችው፤ እትዬ ማን መሆኗን ለአንድ ቀን ራሷ ትናገር። ማርሽ አስገብታ መስታወቷን አየችና መንገድ ገባች።